ግሪዱን አጥፉት፦ ጥንታዊ ሕንፃዎችን በስልክ ስናነሳ

በስልካችሁ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ግሪድ» የሚለውን ስታበሩ ስክሪኑ በሁለት አግድምና በሁለት ቋሚ መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ይከፈላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዋናውን ነገር መሐል ላይ አታስቀምጡት፤ መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች ወደ አንዱ አስጠጉት። ለሰው ፊት ወይም ለጀንበር መጥለቂያ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ በዚህ ሕግ ስታነሱ ግን ነገሩ ይበላሻል።

ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዐለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ሲሆን ግድግዳው ወደ 12 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ እኩል ክንድ ያላቸው መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀርጸዋል። መሐሉን የመረጡት ጠራቢዎቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ወደ ጥግ ስትገፉት የጉድጓዱ አንድ ጎን ይቆረጥና ሕንፃው ከመሬት በታች መሆኑ ይጠፋል። ስለዚህ መሐል አድርጉት፤ የጉድጓዱ አራቱም ጠርዝ ይግባ፤ ሰማይ ባይታይም ግድ የለም።

ታች ስትወርዱ ደግሞ «ቋሚ መስመሮች ቀጥ ይበሉ» የሚለው ሕግ ይጠብቃችኋል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም፤ ስልኩን ወደ ላይ ስታጋድሉት ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ ይመስላሉ። የፎቶ አፖች ይህን የሚያቃኑት ሆሞግራፊ በሚባል ስሌት ነው፦ 3 በ3 የሆነ ማትሪክስ እያንዳንዱን ፒክስል ወደ አዲስ ቦታው ይወስደዋል፤ ማትሪክሱን ለማግኘት አራት ነጥቦች ይበቃሉ። በኦፕንሲቪ ሁለት መስመር ኮድ ነው፣ ሞክሩት። ዋጋው ግን ላይኛዎቹ ፒክስሎች መለጠጣቸውና ጠርዙ መቆረጡ ነው። ቀና ብሎ የማየት ስሜቱም አብሮ ይሄዳል። ለልኬት ካልሆነ እኔ አላቃናውም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «የሚረብሽ ነገር ከፍሬሙ ይውጣ» የሚለው ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከዝናብ እንዲጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ትልቅ መጠለያ ተሠርቶለታል። ምሰሶዎቹ ፎቶ አያሳምሩም፤ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ በጣት ነክቶ የማጥፋት አገልግሎት አላቸው። ምሰሶውን ስታጠፉት ሶፍትዌሩ ከኋላው ያለውን አያውቅም፤ ገምቶ ይሥላል። ማንም ያልጠረበው ዐለት ፎቶው ውስጥ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ የሚያስፈልገው መሆኑም ይደበቃል። ያንን ፎቶ ያየ ልጅ ላሊበላን በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ላሊበላ ለራቃችሁ የሎስ አንጀለስ ልጆች መለማመጃው ቅርብ ነው፤ ከሃውቶርንም በመኪና ብዙ አይርቅም። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ሱቆቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ሽቦውን፣ የቆመውን መኪናና የአማርኛውን ሰሌዳ ቆርጣችሁ ብታወጡ የሚቀረው የትኛውም የሎስ አንጀለስ መንገድ ነው። ሰሌዳው በደንብ እስኪነበብ ቅረቡ፤ ሽቦውም ይግባ፤ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡት።