ቀጥ ብላ ብትቆምም ሸክሟ አልቀለለም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ከፊቱ የሚሄደውን የጭነት መኪና ሲመለከት፣ ኋላው ምን ያህል እንደ ተቀመጠ በማየት ብቻ የጭነቱን ክብደት ሊገምት ይችላል። ባሌስትራው ተዘርግቶ፣ ጐማው ወደ ፓራፋንጎው ተጠግቶ ከሆነ፣ ሾፌሩ ምንም ሳይናገር መኪናው ራሱ «ከዐቅሜ በላይ ተሸክሜአለሁ» ብሎ ይናገራል። ልምድ ያለው ሰውም ይህን አይቶ ይርቃል።

ነገር ግን እንዲህ ብሎ የማይናገር መኪና ከተሠራ ቈይቶአል። ሞላው ብረት ሳይሆን አየር ነው። ጭነት ሲጨመርበት ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ይልና፣ አየር ስቦ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱን ቍልፍ ሲጫኑት ከፍ ይላል፤ ሌላውን ሲጫኑት ዝቅ ይላል። ለመስክ ሥራ የሚወጣ ወጣት ሠራተኛ ይህን አይቶ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ዛሬ ለአንባብያን ልንገልጽ የፈለግነው ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራና ቁመቱ እንዴት እንደሚስተካከል ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን መሣሪያው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ግሬይሃውንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲኒክሩዘር በተባሉት አውቶቡሶቹ መንገደኞችን በአየር ሞላ ላይ ማመላለስ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ፋብሪካ ዲ.ኤስ. የተባለችውን አውቶሞቢል በፓሪስ ትርኢት ላይ አቀረበ፤ የዚህች መኪና ሞላ ዘይትና የታመቀ ጋዝ ሲሆን፣ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ በአንድ ማንሻ ቁመቷን ለመለወጥ ይችል ነበር። በ1957 ዓ.ም. ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮአም በተባለው ውድ አውቶሞቢል ላይ የአየር ሞላ ገጠመ፤ ነገር ግን አየሩ እየሾለከ ስላስቸገረ ብዙ ባለቤቶች አውጥተው በብረት ሞላ ተኩት። በ1992 ዓ.ም. አራቱም ጐማዎቿ በሚነዱት በሬንጅ ሮቨር ላይ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የአየር ሞላ ገባ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3ም ይህንኑ ይዞ መጣ። ከቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶም አንዳንዶቹ ዐይነቶች በኋላ ጐማዎቻቸው ላይ የአየር ሞላ አላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየጐማው አጠገብ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራ ከረጢት አለ፤ የመኪናዋ አካል የሚያርፈው በዚህ ከረጢት ውስጥ ባለው አየር ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር አየሩን ይጨምቃል። አየሩም በማድረቂያ ውስጥ አልፎ እርጥበቱን ይተውና በማጠራቀሚያ ጋን ይቀመጣል፤ ከዚያም ቫልቮች እየተከፈቱና እየተዘጉ ለየከረጢቱ ያድሉታል። በየጐማው ላይ የተተከለ ሴንሰር የመኪናዋን ቁመት እየለካ ለአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሯም ቁመቱ ከታዘዘው ከጐደለ አየር ታስገባለች፣ ከበለጠም ታስወጣለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ግፊት መጨመር የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግፊቱን የሚወስነው ጭነቱ ሲሆን፣ ቁመቱን የሚወስነው የአየሩ ብዛት ነው። ለምሳሌ ያህል ሸክም የሚያርፍበት የአንዱ ከረጢት ስፋት 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በላዩ 600 ኪሎ ቢያርፍበት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የ6 ኪሎ ግፊት ያስፈልጋል። መኪናዋ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንድትል ብትታዘዝ አየሩ ይበዛል እንጂ ግፊቱ እዚያው 6 አካባቢ ይቈያል። በዚያው ማእዘን 150 ኪሎ እህል ቢጨመር ግን፣ ቁመቷ ባይለወጥም ግፊቱ ወደ 7.5 ኪሎ ይወጣል። እንግዲህ ዐይን የሚያየው ቁመቱን ነው፤ ግፊቱን አያይም።

የወሎ ሰው ይህን ነገር በግመል መስሎ ሊረዳው ይችላል። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በባቲ ገበያ ግመል ስትጫን ትንበረከካለች፤ ጭነቱ ከታሰረላት በኋላ ትነሣለች። ሬንጅ ሮቨርም ሰው እንዲሳፈርና ዕቃ እንዲጫን ዝቅ ትላለች፣ ቀጥላም ትነሣለች። ይሁን እንጂ ግመል ከዐቅሟ በላይ ስትጫን ትጮኻለች፤ አልነሣም ብላም እዚያው ልትቀር ትችላለች። መኪናዪቱ ግን ኮምፕሬሰሩ ኀይል እስካለው ድረስ ዝም ብላ ትነሣለች። የአየር ሞላ ትልቁ በጎነቱም፣ ትልቁ አደጋውም ይህ ነው፤ ጭነቱን ከሰው ዐይን ይሸሽጋል።

ቁመቱ የሚሸሽገው ሸክም ደግሞ አልጠፋም። አክሰሉ፣ ጐማው፣ ከሁሉም ይልቅ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። 3,000 ኪሎ በምትመዝን መኪና ላይ 300 ኪሎ ትርፍ ቢጫን፣ በዚያ ቁልቁለት ፍሬንና ሞተር ሊይዙት የሚገባው ኀይል በ10 ከመቶ ይጨምራል። መኪናዪቱ ቀጥ ብላ በመቆሟ ከዚህ ውስጥ አንድ ከመቶ እንኳ አይቀነስም።

አሁን ደግሞ ወደ ቢስቲማ እንሂድ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ፣ በቢስቲማ በኩል ወደ ጭፍራና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መንገድ አለ። ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች፣ የጤናው፣ የእርሻውና የትምህርቱ ሠራተኛ ወደየቀበሌው የሚበተነው ከዚያ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከቢስቲማ ወጥቶ ወደ አንድ ቀበሌ ሲሄድ፣ ጐርፍ በሸረሸረው መሻገሪያ መካከል ትልቅ ድንጋይ ቢያጋጥመው ምን ይላል?

«ጋሼ፣ ከፍ ያድርጓትና እንለፍ» ይል ይሆናል።

መኪናውን የሚያውቅ ሾፌር ግን «ልጄ፣ ድንጋዩ ያለው መካከል ላይ ነው። እኛ ከፍ ብንል ዲፈረንሻሏ ከፍ አይልም። ይልቅስ በጐማ እንረግጠዋለን» ሲል ይመልስለታል።

ሾፌሩ ትክክል ነው። አክሰላቸው ከጐማ እስከ ጐማ አንድ ወጥ ብረት በሆነ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ የሬንጅ ሮቨር ዐይነቶች፣ የአየር ሞላ የሚያነሣው የመኪናዋን አካል ብቻ ነው። ሆዷ፣ አፍንጫዋና ጅራቷ ከመሬት ይርቃሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን በጐማው ቁመት ተወስኖ እዚያው ይቀራል። እንደ ዲስከቨሪ 3 ባሉ፣ እያንዳንዱ ጐማ ለብቻው በሚንቀሳቀስባቸው መኪናዎች ግን፣ ዲፈረንሻሉ ከአካሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ ይነሣል። በፕራዶ ደግሞ የፊተኛው እንደዚህኛው፣ የኋለኛው እንደዚያኛው ነው። ስለዚህ «ከፍ በል» ከማለት በፊት ከፍ የሚለው የቱ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ቁም ነገር መቼ ዝቅ ማለት እንደሚገባ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ሬንጅ ሮቨር ከመደበኛው ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ፣ ለፈጣን ጕዞ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ለመሳፈሪያ ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ሆኖ ተሠርቶአል። ከፍ ብሎ ሲሄድ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ካለፈ ራሱ ወደ መደበኛው ይመለሳል፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለግማሽ ደቂቃ ከሮጠም ራሱን ዝቅ ያደርጋል። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የግራና የቀኝ ጐማዎቿ ርቀት 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የክብደቷ ማእከል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና ብንወስድ፣ ማእከሉ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል እርሷን ለመገልበጥ የሚበቃው የጐን ኀይል በ7 ከመቶ ያህል ያንሳል። ይህም በፖርቶመጋላው ላይ የተጫነው ጆንያ ሳይቈጠር ነው። ስለዚህ ከፍታው ለወንዝ መሻገሪያና ለድንጋያማ ሥፍራ የተሰጠ እንጂ፣ ለአስፋልት ጠመዝማዛ የተሰጠ አይደለም።

ቁመቱ ሲዛባ እንዴት ይስተካከላል? መጀመሪያ መኪናዋ በትክክል ለጥ ባለ ወለል ላይ ትቁም። የአራቱም ጐማ ነፋስ በፋብሪካው ልክ ይሁን፤ ጭነት ይውረድ፤ በሮች ይዘጉ። ከዚያ ከጐማው መካከል ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በየማእዘኑ በሜትር ይለካ። ከመሬት ተነሥቶ መለካት ግን ያሳስታል፤ ያለቀ ወይም የጐደለ ጐማ ልኩን ያዛባዋልና። የተገኘው ቍጥር በፋብሪካው መጽሐፍ ካለው ጋር ይመዛዘን። በአውቶቡስና በከባድ መኪና ላይ ማስተካከያው ከአክሰሉ ጋር የተያያዘ አንድ ቫልቭና አጭር ዘንግ ነው፤ ዘንጉን ማስረዘም ወይም ማሳጠር ቁመቱን ይለውጣል። በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዙት ላይ ግን ትክክለኛውን ልክ ለኮምፒውተሯ በመሣሪያ ማስታወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ትርፍ ቁመት ለማግኘት ሲል የሴንሰሩን ዘንግ ለውጦ ኮምፒውተሯን ያታልላል። ይህ ግን መኪናዋ ዝቅ ማለት በሚገባት ጊዜ እንኳ ከልኩ በላይ ከፍ ብላ እንድትሮጥ ያደርጋል፤ ያ 7 ከመቶም ሁልጊዜ ይከተላታል።

ማታ ቀጥ ብላ ያደረች መኪና ጧት አንዱ ማእዘኗ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አየር እየሾለከ ነው። የሳሙና ውሃ በከረጢቱና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቢቀቡት በሚኰፈው አረፋ ቀዳዳው ይታወቃል፤ ማንኛውም ጐሚስታ ካላማዳሪያ የሚፈትሸው በዚሁ ብልኀት ነው። ቀዳዳውን ችላ ያለ ሰው ቈይቶ ኮምፕሬሰሩንም ያጣል፤ የሚሾልከውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላልና። የደጋው አየርም ሥራውን ያከብድበታል። በደሴ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ያህል አየር ለመሰብሰብ ሲሶ ያህል ጊዜ ይጨምራል። በቆላው ደግሞ አቧራና ጠጠር በከረጢቱ እጥፋት ውስጥ ገብተው ላስቲኩን ይበሉታል። ስለዚህ ከመስክ ሲመለሱ መኪናዋን ከሥሯ ማጠብ ለማማር ብቻ ሳይሆን ለዕድሜዋም ነው።

አንድ ነገር ግን ለአፍታም መዘንጋት የለበትም። በአየር ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም ሰው ገብቶ አይተኛ። ቫልቭ ቢከፈት ወይም ከረጢት ቢፈነዳ ሆዷ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። በክሪክ ከማንሳት በፊት መሣሪያው በማጥፊያው ይጥፋ፤ ከተነሣች በኋላም ጠንካራ ድጋፍ ከሥሯ ይቁምላት። ክሪክም ቢሆን ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ታዲያ ለአገራችን መንገድ የሚሻለው የትኛው ነው? የአየር ሞላ ባዶም ሆነ ሙሉ ሲሄድ ሰውን እኩል ያመቻል፤ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ አይቀናም። ባሌስትራ ያንገጫግጫል፤ ነገር ግን ቢሰበር በትንሽ ከተማ ጋራዥ ሊጠገን ይችላል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት መኪና የሚመርጥ ሰው ዋጋዋን ብቻ ሳይሆን፣ የምትበላሽበትን ሥፍራና የሚጠግናትን መካኒክ አብሮ ያስብ።

በመስክ ለሚሠራው ወጣት ሹም የሚቀርለት ግን ከምርጫው በፊት ያለው ሥራ ነው። አምስት ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 325 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል እህል 200 ኪሎ፤ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ 40 ኪሎ ያህል። ድምሩ 565 ኪሎ ሆነ። ይህን ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ደምሮ፣ በፋብሪካው መጽሐፍ ከተፈቀደው ልክ ጋር ያስተያየው። ከበለጠ አንዱን ኩንታል ያስወርድ፤ «መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ ቀጥ ብላለች» ለሚለውም ጆሮ አይስጥ። ባሌስትራው ቀድሞ በመቀመጥ ይነግረን የነበረውን ማስጠንቀቂያ የአየሩ ሞላ አይነግረንም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከእኛ ስሌት መምጣት አለበት። ሾፌሩ ጭነቱ በዛ ሲል ደግሞ መስማት ግዴታ ነው፤ ሐረጎን ሲወርድ ፍሬኑ ላይ እግሩን የሚያሳርፈው እርሱ ነውና።