ሳቅ ያቀለለው እንባ፦ ስለ አንድ አንጋፋ የቴሌቪዥን ድራማ ሳምንት

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ለቅሶው፣ ጠቡና ክህደቱ ነው። ቀልዱን ግን እንደ ቅመም እንጂ እንደ ዋናው ወጥ አንቆጥረውም። ለመሆኑ አንድ ድራማ በለቅሶ ብቻ ከስልሳ ዓመት በላይ ሊዘልቅ ይችላል? በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዙን «ኮሮኔሽን ስትሪት» ምሳሌ አድርጌ፣ ሐዘንና ቀልድ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት ተደጋግፈው እንደሚሠሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። እንዲህ ዓይነቶቹን ድራማዎች ፈረንጆቹ «ሶፕ ኦፔራ» ይሏቸዋል። «ሶፕ» ያው ሳሙና ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቀን ቀን በሬዲዮ ይተላለፉ የነበሩትን ተከታታይ ድራማዎች ስፖንሰር የሚያደርጉት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ ስሙ በዚያው ተለጠፈባቸው። «ኮሮኔሽን ስትሪት» በግራናዳ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1960 ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ቶኒ ዋረን ያኔ 24 ዓመቱ ነበር፤ ማለትም እኛ ዲፓርትመንት ካሉት ተማሪዎች ብዙም አይበልጥም ነበር። እንደሚባለው ከሆነ ድራማው መጀመሪያ የታሰበለት ስም «ፍሎሪዘል ስትሪት» ሲሆን፣ ሻይ የምታቀርብ አንዲት ሴት «ይሄማ የጀርም ማጥፊያ ስም ይመስላል» በማለቷ ተቀየረ። እንግዲህ የሳሙናው ድራማ ገና ከስሙ ጀምሮ ሳቅ አላጣም ማለት ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው ዌዘርፊልድ በተባለች የፈጠራ ከተማ ነው። ከተማዋ የተቀዳችው ማንቸስተር አጠገብ ካለችው ከሳልፎርድ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹም ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ሠራተኞች ናቸው። «ሮቨርስ ሪተርን» የሚባል መጠጥ ቤትም አለ። ይህ መጠጥ ቤት ለደራሲዎቹ ትልቅ መሣሪያ ነው። ለምን ቢባል፣ የተጣላውም የታረቀውም፣ ያዘነውም የሚቀልደውም ሁሉ እዚያው ስለሚገናኝ ነው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ትዳር ሲፈርስ፣ አጠገቡ ባለው ሌላ ሰው ስለ ርግቦቹ ያወራል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ድራማው ሲጀመር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታይ ነበር። በ1989 ሦስት፣ በ1996 አራት፣ በ2002 አምስት፣ በ2017 ደግሞ ስድስት ክፍል ደረሰ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሊጽፈው አይችልም። በመሆኑም ደራሲዎቹ ተሰብስበው የወደፊቱን ታሪክ ይከራከሩበታል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ደራሲ ይሰጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ከባድ ነው፤ ሞት፣ ፍቺ ወይም ወንጀል። ሌላው ቀስ ብሎ እየበሰለ ያለ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው፤ የጎረቤት ቅናት፣ የማይሆን ንግድ ወይም ሐሜት። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ተመልካቹ ልቡ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ይደረጋል።

ታዲያ ቀልዱ ምን ይሠራል? «ተመልካቹን ያሳርፋል» የሚለው የተለመደ መልስ ነው፣ ስህተትም አይደለም። በበኩሌ ግን ዋናው ሥራው ሌላ ይመስለኛል። አንድን ሰው የምንላመደው እየሳቅንበትና አብረነው እየሳቅን ነው። ተመልካቹ በማያውቀው ሰው ሞት አያለቅስም። ለዓመታት በሳቀበት ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ለዚህ ሂልዳ ኦግደንን የሚያህል ምሳሌ የለም። ሂልዳ የመጠጥ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ሻሽ ታስርበታለች፣ ሥራ ላይ በቀጭን ድምጿ ትዘፍናለች፣ ያውም ዜማው ሳይገባላት። ግድግዳዋ ላይ ትልቅ የተራራ ሥዕል ለጥፋ፣ በላዩም የሚበሩ ሦስት ዳክዬዎች ሰቅላበታለች። የዚህን ሥዕል መጠሪያ ቃል በትክክል መጥራት አቅቷት በሴት ስም «ሙሪየል» ትለዋለች። ባሏ ስታን ደግሞ ሥራ የማይወድ የመስኮት አጣቢ ነው። እንግሊዞች በነዚህ ባልና ሚስት ሃያ ዓመት ያህል ሲስቁ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1984 የስታንን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት በርናርድ ዩንስ ዐረፉ፤ በኅዳር ወር ገደማ በድራማውም ስታን ሞተ። ከቀብር በኋላ ሂልዳ ከሆስፒታል የመጣውን የባሏን ዕቃ ጥቅል ብቻዋን ትፈታለች። የመነጽሩን ማኅደር ስታይ እንባዋ ይመጣል። ረጅም ንግግር የለም፣ ጩኸትም የለም። ያቺ የምታስቀው ሴት ዝም ብላ ስታለቅስ ማየቱ ብቻ በቂ ነበር። ተዋናይቱ ጂን አሌክሳንደር በ1987 የገና ዕለት ድራማውን ስትሰናበት፣ ከድጋሚ ስርጭቱ ጋር ተደምሮ ወደ 27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመልክቷታል።

ይኸው ዘዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጨምቆ የታየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010፣ ድራማው 50 ዓመት ሲሞላው ነው። ሰኞ ዕለት ወንዶቹ ለፒተር ባርሎ የሠርግ ዋዜማ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ የነበሩበት ቡና ቤት ውስጥ ጋዝ ይፈነዳል። እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር በድልድይ ላይ የሚያልፍ ትራም ከላይ ወደ ሠፈሩ ይወድቃል። ሱቆቹ ይፈርሳሉ። ከፍንዳታው በኋላ ጣሪያው ሊወድቅ ሲል፣ ሥጋ ሻጩ አሽሊ ፒኮክ በእጁ ደግፎ ፒተርንና ኒክን ያስወጣቸዋል፤ እሱ ግን እዚያው ይቀራል። ልብ በሉ፣ ይህ አሽሊ ከ1995 ጀምሮ ተመልካቹ በቀጭን ድምፁ የሚስቅበት ሰው ነው። ደራሲዎቹ ጀግና ያደረጉት ሠፈሩ ሁሉ ሲያሾፍበት የኖረውን ሰው ነው፣ ያሳመመውም ይኸው ነው።

ሐሙስ ዲሴምበር 9 አንድ ሰዓት የሚፈጅ ክፍል በቀጥታ ተላለፈ። ፍርስራሽ ሥር የተቀበረችው ሞሊ የልጇ አባት የጎረቤቷ የሳሊ ባል መሆኑን ለራሷ ለሳሊ ነግራ ትሞታለች። በዚያው ምሽት ፒተር ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሊያንን ያገባል፣ ፊዝ የምትባለውም ሴት ትወልዳለች። ሞት፣ ሠርግና ልደት በአንድ ሰዓት ውስጥ ማለት ነው። ወደ 14 ሚሊዮን ሕዝብ አየው። ተዋንያኑ አንድ ቃል ቢስቱ መመለሻ አልነበራቸውም።

«ኧረ ይሄ ሁሉ ተረት ነው፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ በ1998 ታይቷል። ዲየርድሬ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በአታላይ እጮኛዋ ሰበብ ያለ ጥፋቷ ስትታሰር፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች «ትፈታ!» የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡ። በሀገሩ በእውነት ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ይህን ያህል የፊት ገጽ ያገኛል ወይ? ይህ ለኛ ለተማሪዎች ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሕዝቡ ለዲየርድሬ የጮኸው ስለሚያውቃት ነው። ትልልቅ መነጽሯን፣ ጠባይዋን፣ ስህተቷን ለዓመታት አይቷል። እኛ ደግሞ ዜና ስንጽፍ ሰውን የምናስተዋውቀው በችግሩ ብቻ ነው፦ «ተፈናቃይ»፣ «ተጎጂ»፣ «ታማሚ» እያልን። ያ ሰው ምን እንደሚያስቀው አንጽፍም። አንባቢውም አዝኖለት ገጹን ይገልጣል።

በኛም ሀገር ተከታታይ ድራማ ለቁም ነገር ውሏል። ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. 257 ክፍል ተላልፏል። ይህን ያህል ክፍል ሰውን ይዞ መቆየት በምክር ብቻ አይቻልም፤ አድማጩ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት ሊላመዳቸው ይገባል።

አበው «ጥርስ ባዳ ነው፣ ዘመድ ሲሞት ይስቃል» ይላሉ። አባባሉ ወቀሳ ይመስላል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያመሸ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሦስተኛው ቀን አንዱ ተነስቶ የሟቹን ቀልድ ሲያወራ ሁሉም ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። የ«ኮሮኔሽን ስትሪት» ደራሲዎች ሥራቸውን የሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር የፊቸር አሳይንመንት ሲሰጠን፣ ባለታሪኩን «ምን ደረሰብህ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ምን ያስቅሃል?» ብለንም ብንጠይቀው መልካም ነው እላለሁ። ቸር እንሰንብት።