ቁራው፣ ገደሉና ደብተሩ

የተፈጥሮ ማስታወሻ ማለት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ያዩትን ነገር የሚያሰፍሩበት ደብተር ነው። እርሳስና ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ስለ ዕቃው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ስለ ጥያቄው ግን ብዙ አለኝ። ደብተር ገዝቶ ጥቂት ገጽ እንደጻፈ የሚተወው ሰው ወረቀት አልቆበት አይደለም፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ልይ?» የሚለው ቢጠፋበት ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ በየወቅቱ ምን መመልከት እንደሚያሻ ለስለስ አድርገው የሚጠቁሙ ጥያቄዎችን በየገጹ አናት ላይ አትመው ይሸጣሉ። ግን ጥያቄዎቹ የተጻፉት በረዶ ለሚቀልጥበትና ዛፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ለሚራገፍበት አገር ነው። በጥቅምት አንኮበር ላይ ቆሞ ስለ ወደቀ ቅጠል ቀለም ጻፍ የተባለ ሰው ጥዱንና ዝግባውን ሲያይ ይውላል፤ አንዱም አይረግፍለትም። የአንኮበር የጥቅምት ጥያቄ ውርጭ ነው፦ ዛሬ የትኛው ማሳ ነጭ ለብሶ አደረ? የትኛውንስ አለፈው?

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ በሚናድበት ገደል ላይ የተቀመጠች የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ለማስታወሻ ያዥ ትልቁ ቁም ነገር ቁልቁለቱ ነው። ጠዋት ከአስታው መካከል ተነሥቶ፣ ገብሱንና ባቄላውን አልፎ፣ ከሰዓት በኋላ አልዩ አምባ ሲደርስ ሰው ካፖርቱን በክንዱ ይዟል። ስለዚህ እዚህ አገር ከቀኑ እኩል ከፍታው መጻፍ አለበት። «አበባ አየሁ፣ አንኮበር» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። የትኛው አንኮበር?

ጥያቄዎቹን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልገንም የምለው፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእጃችን ስላሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍላለች፦ መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ጀምሮ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙው የማያውቀው ክረምቱ ራሱ እንደገና መሸንሸኑን ነው። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የወንዞች ጊዜ ይሆናል። ወደ ነሐሴ መጨረሻ ጎሕ፣ ነግህና ብርሃን ይመጣሉ፤ ሰማዩ መግለጥ የሚጀምርበት ነው። እነዚህን ስሞች የማነባቸው እንደ ጥያቄ ነው። ሐምሌ 10 ላይ ያለ ሰው ደመናው ከየት በኩል እንደመጣ ይጻፍ፤ ሐምሌ 25 ላይ ያለ ሰው ወንዙ የትኛውን ድንጋይ እንደዋጠ ይጻፍ። ማን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያትምልናል?

ከሁሉም ልቤን የሚወስደው ግን ከነሐሴ 10 ጀምሮ እስከ ወሩ ማለቂያ ግድም ያለው ነው። ስሙ ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ከዓመቱ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኩል ቆርጦ ለቁራ ልጆች የሰጠ አቆጣጠር! ትምህርቱ እንዲህ ይላል፦ ቁራ እንቁላሉን ፈልፍሎ ጫጩቶቹን ላባ ሳይኖራቸው፣ ሥጋቸው ብቻ ሆኖ ሲያያቸው ደንግጦ ጥሏቸው ይሸሻል። እነሱም አፋቸውን ከፍተው ወደ ፈጣሪ ይጮሃሉ፤ እሱም ተሐዋስያንን እየሰደደ ይመግባቸዋል፣ ላባ እስኪያበቅሉና ወላጆቻቸው እስኪመለሱ ድረስ።

ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው የሚያልፉ አሉ፤ ተምረናል የሚሉቱ ናቸው። «ቁራ ልጁን አይጥልም፣ ተረት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቁራ ልጁን አይጥልም፤ እናትም አባትም ተረዳድተው ያበላሉ። ነገር ግን የፈገግታው ባለቤት አንድ ነገር አምልጦታል። የቁራ ጫጩት በእርግጥ ራቁቱን ነው የሚፈለፈለው። አፉን ሲከፍት ውስጡ ቀይ ነው፣ ጩኸቱም ከገደል ገደል ይሰማል። ይህን ከሜዳ ላይ ሆኖ ማንም አያውቀውም። አንድ ሰው፣ ምናልባትም እረኛ፣ በሆነ ዘመን ገደል ተንጠላጥሎ ወይም ዛፍ ወጥቶ ጎጆው ውስጥ አይቷል፤ ያየውንም ለሊቃውንቱ ነግሯል። ወላጆቹን ያጣቸው ምናልባት ራሱ ስላባረራቸው ይሆናል፤ ሰው ሲቀርብ ጎጆውን ለቆ የማይበር ወፍ ጥቂት ነው። እንግዲህ እኔ በዚህ ትምህርት ውስጥ የማየው የሜዳ ማስታወሻ ነው፤ ምልከታው ትክክል፣ ማብራሪያው የዘመኑ።

አንድ የድጓ መምህር ዘንድ ስለዚህ ነገር ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። «የኔታ፣ ጫጩቶቹን በዓይንዎ አይተዋቸው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ያየሁት መጽሐፉን ነው» አሉኝ፤ «ገደሉን የሚያውቅልህ እረኛው ነው።» ወረድ ብዬ አንዱን ልጅ ብጠይቀው መልሶ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የትኛው ቁራ?»

በዚያች ጥያቄ ከብዙ የተማረ ሰው በለጠብኝ። አንኮበር ገደል ላይ ቁራ የሚባል ወፍ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው፤ ከአፍሪቃ ቀንድ ደጋ ውጭ አይገኝም፣ እኛ ግን ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ስለምናየው እንንቀዋለን። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ጭራው የተቆረጠ የሚመስል አጭር፣ ክንፉ ሰፊ ሆኖ በገደሉ ነፋስ ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ልጁ «ጭራ ቆራጣው» ሲል በእጁ ከወገቡ በታች ቆርጦ አሳየኝ። ዕጓለ ቋዓት የማንኛቸው ልጆች ናቸው? በነሐሴ አጋማሽ ጎጆ ላይ ያለው የቱ ነው? ጭቃ ተሸክሞ የሚያልፈው፣ ጭራሮ የያዘው፣ ምግብ በአፉ ይዞ ወደ አንዱ ስንጥቅ የሚመላለሰውስ? የነሐሴ ገጽ ሥራው ይህ ነው። ገደል አትውጡ፣ ጎጆም አትቅረቡ፤ ማዶ ተቀምጣችሁ የትኛው ቁራ ወዴት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቁጠሩ። አንድ ሰው በተከታታይ ዓመታት ይህን ቢያደርግ አቆጣጠሩንና ገደሉን ፊት ለፊት ያስተያይልናል።

«ይህን የሚያደርጉ ሳይንቲስቶች አሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። የአንኮበርን ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በሻምበል ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ዶክተር ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪና በርናትስ የሚባል ሠዓሊ አብረው ነበሩ። በ1870ዎቹ ደግሞ ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያን ሰጡ፤ ማርኬዝ አንቲኖሪ እስከ 1882፣ እስከ ሞቱ ድረስ፣ እዚያው ወፍ ሲሰበስብ ኖረ። ይህ ሁሉ ዓይን ሲመላለስበት በኖረ ገደል አፋፍ ላይ በመንጋ እየሆነች መሬት ለመሬት የምትለቅም፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ ቡናማና ጭረታም ወፍ ነበረች። ለሳይንስ ተገልጣ ስም ያገኘችው በ1979 ነው፤ ጆን አሽ የአንኮበር ሴሪን አላት። በኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች። መቶ ዓመት የዘገየችው፣ እንደኔ ግምት፣ መልከ ጥፉ ስለሆነች ነው። ሰው ደብተር ሲይዝ መጀመሪያ የሚጽፈው ስለሚያምረው ነገር ነው።

እህቷ ደግሞ ከአልዩ አምባ በታች ባለው ደረቅ ቁልቁለት ትኖራለች፤ ቢጫ ጉሮሮ ሴሪን ትባላለች። በ1880ዎቹ በተሰበሰቡ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ትታወቅ ነበር፤ ሳልቫዶሪ የሚባል ጣሊያናዊ በ1888 ስም ሰጣት፣ ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ጠፋች። የሁለት ወፎች ድቅል እንጂ ራሷን የቻለች አይደለችም ያሉም ነበሩ። በ1989 እንደገና ታየች። እንግዲህ በጋ ላይ ወደ ቆላው ለምትወርዱ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ዛሬ ካያችኋቸው ወፎች እጅግ ተራ የሆነችው የቷ ነበረች? ስለ እሷ አምስት መስመር ጻፉ።

ሌሎቹን ወቅቶች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በመፀው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች ገደሉን ተከትለው ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ ፀሐይዋ ገደሉን አሙቃ ነፋሱ ሽቅብ ሲነሣ አንገትን ቀና ማድረግ ነው። በዚያው ሰሞን ኮሶን እዩ። ኮሶ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነው፤ የሴቷ አበባ ወደ ቀይ ያደላል። ከቤታችሁ አጠገብ ያለው የቱ ነው? ወፍ ዋሻ ጫካ የሚገባ ሰው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ታሪክ ይሰማል፤ የመናገሻ ሱባ ጥድ ችግኝ ከዚህ እንደሄደ ይነገራል። ያንን ደብተር ላይ መገልበጥ ሳይሆን፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ስንት ትንንሽ ጥድ እንደበቀለ መቁጠር ይሻላል። ጅብራን ደግሞ መንዝ ጓሳ ድረስ ሄዶ ማየት ነው፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፣ ስለዚህ ያበበውንና የደረቀውን ለይቶ መቁጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ይሆናል። በልግ ላይ የምጠይቀው አንድ ብቻ ነው፦ ዝናቡ መጣ ወይስ ቀረ? ገበሬው ይህን ጥያቄ ሳይጻፍለት ያውቀዋል፤ እናንተ ግን ቀኑን ጻፉት።

ጥቂት ቁጣም አለኝ። ጭላዳ ለማየት መጥታችሁ ዳቦ የምትወረውሩ፣ እባካችሁ ተዉ፤ ጭላዳ ሣር በል ነው፣ የምትጽፉትም ሣር እንዴት እንደሚነጭ እንጂ እናንተን እንዴት እንደከበባችሁ አይደለም። የወፍ ድምፅ በስልክ እያስጮኻችሁ ወፍ የምትጠሩም እንዲሁ። አደይ አበባ ብላችሁ ሜጭ የምትለጥፉትን ለመስቀል ስል እተዋችኋለሁ።

የማልተወው ግን የቀኑን ነገር ነው። ስልካችሁ የፈረንጅ ቀን ይይዛል፣ አፋችሁ የኛን ይናገራል፣ ደብተራችሁ ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ኦገስት 10 የኛ ነሐሴ 4 ነው። ስልኩን አይቶ «ነሐሴ 10፣ ቁራ ጭራሮ ይዞ አለፈ» ብሎ የጻፈ ሰው ቁራውን ስድስት ቀን አሳልፎ ዕጓለ ቋዓት ውስጥ አስገብቶታል፤ ሰዓቱንም እንዲሁ፣ «2፡00» የጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ ከዓመት በኋላ ራሱ አያውቀውም። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ፤ ከዚያ ሌላውን አትንኩት።