የሰውነት ዘበኛ የቤቱን ሰው እንዴት ይለያል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ፣ በሀና ማርያም ወይም በለቡ በኩል በሌሊት ያለፈ ሰው የውሻ ጩኸት ይሰማል። ውሻ ባዕድ ሲመጣ ይጮኻል፤ የቤቱ ሰው ሲመጣ ግን ጅራቱን ይቆላል። ለምን ቢሉ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ የቤተሰቡን ጠረን ለምዷል።

በሰውነታችንም እንዲህ ያሉ ዘበኞች አሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። ሥራቸው ወደ ሰውነት የገባውን ጀርም ማጥፋት ነው። ታዲያ የገዛ ልባችንን፣ የገዛ ኩላሊታችንን ለምን አይነክሱም?

ዘበኞቹ የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ታይመስ ወደሚባል እጢ ይሄዳሉ። ይህ እጢ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ ይገኛል። ለዘበኞቹ ትምህርት ቤታቸው ነው። እዚያ የገዛ አካል ምልክት ይቀርብላቸዋል። ምልክቱን እንደ ጠላት አጥብቆ የያዘ ዘበኛ እዚያው ይሞታል። ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።

ይሁንና ሾልኮ የሚወጣ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን የሚገቱ ሌሎች ዘበኞች አሉ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን በ1987 ዓ.ም. ለይተው አሳወቁ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ከሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር ለኖቤል ሽልማት ተመረጡ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳታል። በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳው የልብ በሽታ ከዚህ ስሕተት ይመጣል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም የልጅን ጉሮሮ ያቆስላል። የዚህ ጀርም አካል በከፊል የልባችንን ሥጋ ይመስላል። ዘበኞቹ ጀርሙን ሲያሳድዱ ልብንም ይመታሉ። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን ያተኩሰዋል፤ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ሕመሙ ሲደጋገም ደም የሚያሳልፉት የልብ በሮች ይጠባሉ ወይም አልገጥም ይላሉ። ያን ጊዜ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዳገት መውጣት ያቅተዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መከላከል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ከታዘዘለት እስኪያልቅ ይውሰድ። እንጥል ማስቆረጥ ጀርሙን አይገድለውም፤ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ ይታዘዝለታል። ይህ ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል። «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ልቡን ለሁለተኛ ጥቃት ማጋለጥ ነው።

ጥያቄዎች
1. ዘበኞቹ የገዛ አካልን መለየት የሚማሩት የት ነው?
2. የጉሮሮ ሕመም ልብን የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. በአካባቢያችሁ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ምን ይደረግለታል? ተወያዩበት።