ካሣ የሚቆርጠው ዳኛው ነው ወይስ የወለድ መጠኑ?

አንድ ወጣት ሾፌር በሌላ ሰው ጥፋት በደረሰ ግጭት አከርካሪው ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ እንበል። ጥፋቱ ካልተካደ የሚቀረው ክርክር አንድ ነው፤ ስንት ይከፈለው? በእንግሊዝ አገር ዳኛው መልሱን ከራሱ አያመነጭም። ባለሙያ ምስክሮች ይቀርቡለታል።

ሐኪሙ ጉዳተኛው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚቀረውና ምን ሕክምና እንደሚያሻው ይመሰክራል። የእንክብካቤ ባለሙያው በቀን የስንት ሰዓት ረዳት፣ በየስንት ዓመቱ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ምን ዓይነት ቤት እንደሚያስፈልግ ዋጋ እያወጣ ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚሠራበት የሥነ ሥርዓት ደንብ መሠረት የባለሙያው ግዴታ ለሚከፍለው ወገን ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ነው። ይህም ሆኖ የከሳሽና የተከሳሽ ግምት እምብዛም አይገጥምም።

ለገበያ ሰው የሚጥመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ካሣው ዛሬ በአንድ ጊዜ ከተከፈለ ገንዘቡ ሥራ ላይ ውሎ ያተርፋል። ስለዚህ ወደፊት የሚያፈራው ትርፍ አስቀድሞ ከድምሩ ላይ ይቀነሳል። ግሽበት ከወጣለት በኋላ የሚታሰበው ይህ የትርፍ መጠን «የቅናሽ መጠን» ይባላል። ሥሌቱ የሚሠራው በ1984 መጀመሪያ በወጣውና በሰር ማይክል ኦግደን ስም በሚጠራው ሠንጠረዥ ሲሆን፣ መጠኑን የሚወስነው ሎርድ ቻንስለሩ ነው።

እስቲ እናስላው። የሾፌራችን ወጪ በዓመት 100,000 ፓውንድ፣ ለ30 ዓመት ይሁን፤ በደፈናው 3 ሚሊዮን ነው። ከ2001 እስከ 2017 መጀመሪያ በነበረው 2.5 በመቶ ቢሰላ ዛሬ የሚከፈለው ወደ 2.09 ሚሊዮን ይወርዳል። በመጋቢት 2017 መጠኑ ከዜሮ በታች 0.75 በመቶ ሲደረግ 3.38 ሚሊዮን ገባ። ሰውየው ያው፣ ጉዳቱም ያው፣ ምስክሮቹም ያው! ውሳኔው ሲሰማ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ ወደቀ። በ2019 ከዜሮ በታች 0.25፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.5 በመቶ ሆኗል፤ በዚህኛው የሾፌራችን ድርሻ 2.78 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ከዜሮ በታች መውረዱ እብደት አልነበረም። የሎርዶች ምክር ቤት በ1998 እንደፈረደው ጉዳተኛ እንደ ተራ ኢንቨስተር አይቆጠርም፤ አክሲዮን ሲወድቅ እስኪያንሰራራ ሊጠብቅ አይችልም፤ ረዳቱ ደመወዙን ይፈልጋልና። ስለዚህ መለኪያው ከግሽበት ጋር የተያያዘ የመንግሥት ቦንድ ሆነ። የዚህ ቦንድ ገቢ ከግሽበት በታች ሲወርድ መጠኑም ተከትሎት ወረደ። የ2018ቱ ሕግ ግን ጉዳተኛው ጥቂት ስጋት ይሸከማል ብሎ ይነሳል። ለኢንሹራንሶች እፎይታ ነው፤ ለጉዳተኛው መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

ሐኪሙ የገመተው ዕድሜ ቢያጥር ትርፉ ለወራሾች ነው፤ ቢረዝም ሰውየው ገንዘቡ አልቆ ይኖራል። ለዚህ መድኃኒቱ በየዓመቱ የሚከፈል ካሣ ሲሆን፣ ከ2005 ወዲህ ፍርድ ቤት ተከራካሪዎቹ ባይስማሙም ሊያዝዘው ይችላል። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 ክፍያው በሸቀጥ ዋጋ ሳይሆን በተንከባካቢ ሠራተኞች ደመወዝ ልክ እንዲያድግ ፈቅዷል። ያኔም የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ምስክርነት ነበር የሚዛኑ ክብደት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ከወዲሁ እንዲካስ ያዛል (ቁጥር 2092)። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኞች በርትዕ ይቆርጡታል (ቁጥር 2102)። የቅናሽ መጠንም ሆነ ሠንጠረዥ በሕጉ የለም። ለሞራል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 1,000 ብር ነው (ቁጥር 2116)።