የጥርስ ቦንዲንግ፦ ጥርስን ሳይቆርጡ የመጠገን ጥበብ

የጥርስ ቦንዲንግ የተሸረፈን፣ ቀለሙ የተበላሸን ወይም ከጎረቤቱ የራቀን ጥርስ፣ ኮምፖዚት በተባለና የጥርስ ቀለም ባለው ልስልስ ቁስ ቅርጹን እየሠሩ የሚጠግኑበት ሕክምና ነው። ኮምፖዚት የሚዘጋጀው ሬዚን ከሚባል የፕላስቲክ ዝርያና በውስጡ ከተደባለቀ እጅግ የደቀቀ የመስታወት ብናኝ ነው፤ የጥገናው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከዚህ ቁስ ይልቅ ቁሱ ከጥርሱ ጋር በሚጣበቅበት መንገድ ነው።

ቀድሞ ሐኪሞች የተቦረቦረን ጥርስ አማልጋም በተባለ የብረታ ብረት ቅይጥ ሲሞሉ፣ ቅይጡ በራሱ ስለማይጣበቅ፣ እንዳይወልቅ ጉድጓዱን ከአፉ ይልቅ ወደ ውስጥ እያሰፉ መቦርቦር ነበረባቸው፤ በዚህም ብዙ ጤነኛ የጥርስ አካል ይጠፋ ነበር። በአሜሪካ የሮቼስተር ከተማ ተመራማሪ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር ግን፣ ቀለም ብረት ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ የሚታከምበትን የኢንዱስትሪ ልማድ ተመልክቶ፣ ይኸው አሠራር ለጥርስም እንደሚያገለግል በ1955 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። ኢናሜል የተባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በክብደቱ 96 በመቶ ያህል ማዕድን ሲሆን፣ አሲዱ ይህን ማዕድን እኩል ስለማያሟሟው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጠራሉ፤ ፈሳሹ ሬዚን ወደ እነዚህ ሰርጎ ሲደርቅ፣ ሥር እንደሰደደ ተክል ተቆላልፎ ይቀራል። ራፋኤል ቦወን በ1962 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ቢስ-ጂኤምኤ የተሰኘ ሬዚን ደግሞ ለዛሬው ኮምፖዚት መሠረት ሆነ።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ቀለም ይመርጣል፤ ይህም ጥርሱ ሳይደርቅ መከናወን አለበት፣ ምክንያቱም የደረቀ ጥርስ ከተፈጥሮው የነጣ መስሎ ይታያል። ከዚያም ጥርሱ በአሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ከቆየ በኋላ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ማጣበቂያም ይቀባል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ጊዜ ነው፤ ምራቅ የነካው ገጽ ሬዚኑን በሚገባ ስለማይዝ፣ ጥርሱ በጥጥ ወይም በስስ የጎማ ሽፋን ይከለላል። ኮምፖዚቱም በሰማያዊ ብርሃን እየጠጠረ፣ በአብዛኛው ከ2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ንብርብር ይገነባል፤ ብርሃኑ ከዚያ በላይ ጠልቆ በሚገባ አያጠጥረውም፣ ቁሱም ሲጠጥር ስለሚኮማተር በአንድ ጊዜ ብዙ ቢደረግ ከጥርሱ ሊላቀቅ ይችላል።

የቦንዲንግ ትልቁ ዋጋ ከውበት ይልቅ ቆጣቢነቱ ነው፤ ቬኒየር የሚባለው የሸክላ ልባስ ቀለሙን ይበልጥ ቢጠብቅም፣ ብዙ ጊዜ ኢናሜልን መሞረድ ይጠይቃል፣ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ዳግመኛ አይበቅልም። ኮምፖዚት በበኩሉ ከቡናና ከሻይ ቀለም ይይዛል፤ በፊት ጥርሱ ሸንኮራ አገዳ የሚግጥ፣ ጠርሙስ የሚከፍት ወይም በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ቶሎ ሊሰብረው ይችላል። ሆኖም የተሸረፈው ክፍል ብቻ ተለይቶ ሊጠገን ይችላል።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በልጅነታቸው የጠጡት ሰዎች ጥርስ ቡናማ ይሆናል፤ ይህም ፍሎሮሲስ ይባላል። ቦንዲንግ ይህን ቀለም ሊሸፍን ቢችልም፣ በፍሎራይድ የተጎዳ ኢናሜል ላዩ አሲድን ስለሚቋቋም ሐኪሙ ገጹን በትንሹ መፋቅ ወይም የአሲዱን ቆይታ ማስረዘም ሊያስፈልገው ይችላል። ጥርሳቸው ገና በድዳቸው ውስጥ በመሠራት ላይ ላሉ ሕፃናት ግን መከላከያው ከፍሎራይድ የተጣራ የመጠጥ ውኃ ነው።