የጸጋ ዘአብን ቃል ለአውሮፓ ያደረሰው ዳሚያው ደ ጎይሽ

ፖርቱጋላዊው ሊቅና ዲፕሎማት ዳሚያው ደ ጎይሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1502 አሌንኬር በተባለች ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወደ ንጉሥ ማኑኤል ቤተ መንግሥት ገብቶ እዚያው አደገ። በ1514 የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን ሲደርሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ያደረበት የማወቅ ጉጉት ካደገ በኋላም አልተወውም።

በ1523 በአንትወርፕ የፖርቱጋል ንግድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ በኋላም ለፖርቱጋል ንጉሥ ጉዳይ እስከ ዴንማርክና ፖላንድ ተላከ። በ1531 ዊተንበርግ ላይ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪውን ማርቲን ሉተርን አገኘ። በ1534 ደግሞ ፍራይቡርግ በሚገኘው በታዋቂው ሊቅ በኤራስመስ ቤት ለወራት በእንግድነት ተቀመጠ፤ ቀጥሎም በጣሊያን ፓዱዋ ትምህርቱን ገፋበት።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው በ1533 ሊዝበን ላይ የተጀመረው ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ እዚያ ከደረሱ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የአገሩ የሃይማኖት ሊቃውንት ቅዳሜን ስለማክበር፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ ሥርዓት አጥብቀው ይሟገቷቸው ነበር፤ ከቅዱስ ቁርባንም ተከልክለው ነበር። ጎይሽ ግን የአገራቸውን እምነትና ሥርዓት ራሳቸው እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ጸጋ ዘአብም ቅዳሜን የሚያከብሩት አይሁድን ለመምሰል አለመሆኑን አስረዱ፤ ከሩቅ አገር የመጣን ክርስቲያን በፍቅር እንጂ በነቀፋ መቀበል እንደማይገባም ጻፉ። ጎይሽ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው። አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያዊ ካህን ቃል ለመረዳት በቁ። መጽሐፉ በሌሎች አገሮች ሲነበብ በፖርቱጋል ግን እንዳይሸጥ ታገደ።

ጎይሽ በ1545 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1548 ቶሬ ዶ ቶምቦ የተባለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ኃላፊ ሆነ፤ የንጉሥ ማኑኤልን ታሪክም ጽፎ በ1566 እና በ1567 አሳተመ። በመጨረሻ ግን በ1571 ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ችሎት አሰረው። ከአርባ ዓመት በፊት ከሉተር ጋር መነጋገሩ እንደ ወንጀል ተቆጠረበት፤ በጾም ቀን ሥጋ በልቷል የሚል ክስም ቀረበበት። በ1572 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ወደ ባታልያ ገዳም ተላከ፤ በ1574 በትውልድ ከተማው አረፈ። የክሱ መዝገብ ዛሬ እሱ ለዓመታት በመራው በቶሬ ዶ ቶምቦ ይገኛል።